ለሁለት መቶ አርባ ሰው የላክኋት «አስቸኳይ» ደብዳቤ

ያቺ ደብዳቤ ምን እንዳስከፈለችኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነጋዴ ዋጋውን ደብቆ ወሬ ሲጀምር አያምርበትም። ከአዲስ አበባ ጅማ የሰባት ሰው የመመለሻ ትኬት፣ ለሰባት ሰው ምሳ፣ ሱቄ ተዘግቶ የዋለበት አንድ ረቡዕ፣ እና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንሶላ ከእኔ በቀር ከማንም ገዝተው የማያውቁ አንዲት ደንበኛ። ደብዳቤዋን ለመላክ የከፈልኩት የኢንተርኔት ቤት የአንድ ሰዓት ሂሳብ ብቻ ነበር። ርካሽ ነው ብዬ ነበር ያን ቀን።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖን ነበር። እኔ ኸይሩ መርካቶ ውስጥ፣ ከጭድ ተራ ዝቅ ብሎ ባለ የገበያ አዳራሽ፣ የሆቴል ጨርቅ እሸጥ ነበር፤ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ያስተማረኝ መንገዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰርተፍኬት አይሰጥም። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የክፍለ ሀገር ባለሆቴሎች ናቸው። አንዱ ሲመጣ ቢዝነስ ካርዱን ይሰጠኛል፣ እኔም ባንኮኒዬ ላይ ካለው መስታወት ሥር አስገባዋለሁ። መስታወቱ ሞልቶ ካርድ በካርድ ላይ ተደርቦ ነበር።

በዚያ ሰሞን ካርድ ላይ የኢሜይል አድራሻ ማሳተም ፋሽን ሆኖ መጣ። አንዳንዱ አድራሻውን አሳትሞ እንዴት እንደሚከፈት አያውቅም። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ፣ ሰናይት የምትባል ሴት አራት ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ነበራት። አንድ ቀን ወጣሁና ጠየቅኋት።

«ሰናይት፣ ይኼ ደብዳቤ ቴምብር አይለጠፍበትም?»

«አይለጠፍበትም።»

«ለአንድ ሰው ብልክና ለሁለት መቶ ሰው ብልክ ሂሳቡ እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

«ታዲያ ሰው ምን ሆኖ ነው ለአንድ ሰው የሚልከው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይኼን ስትጠይቅ የመጀመሪያው ሰው አይደለህም፣ ጋሽ ኸይሩ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከመስታወቱ ሥር ሁለት መቶ አርባ አድራሻ ለቀምኩ። በየሰኞው፣ ስምንት ሳምንት፣ እኔ እየተናገርኩ ሰናይት እየጻፈች ላክን። ያን ጊዜ የግዕዝ ፊደል በየሰው ኮምፒውተር ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታይ ስለነበር አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፈው። «ታላቅ ቅናሽ»፣ «ልዩ ቅናሽ»፣ «የመጨረሻ ቅናሽ»፣ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ «ከመጨረሻው በኋላ የመጨረሻ ቅናሽ»። አንድ ሰው አልመለሰም። አንድም!

መናደዱን ትቼ መገረም ጀመርኩ። መርካቶ ውስጥ ስትጣራ ቢያንስ የሚሰድብህ አይጠፋም። ይኼ ሁሉ ደብዳቤ የት ነው የሚገባው?

«ላሳይህ» አለች ሰናይት፤ የእሷም ካርድ መስታወቱ ሥር ነበርና የራሷን ሳጥን ከፈተችና ከጎን ያለውን አንድ ክፍል ነካችው። የአይፈለጌ መልዕክት ማጠራቀሚያ ነው። ስምንቱም ደብዳቤዎቼ ሳይከፈቱ እዚያ ተኝተዋል። በላያቸው «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል፣ በሥራቸው ደግሞ የሞተ ሀብታም ወራሽ አድርጎ ሊያስገባት የሚፈልግ ሰው።

«አንቺም አልከፈትሽውም?»

«አንሶላ አለኝ፣ ጋሽ ኸይሩ።»

«ነውር አይደለም እንዴ? እዚህ እየጻፍሽልኝ!»

«እስቲ ልጠይቅህ። ሱቅህ በር ላይ ቆመህ የሚያልፈውን ሰው እጁን ትይዛለህ?»

«እይዛለሁ እንጂ። ታዲያ በምን ልብላ?»

«ቤቱ ድረስ ሄደህ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህስ?»

እኔ ግን አልተማርኩም። ችግሩ ግንባሩ ላይ ነው አልኩ፤ ደብዳቤው ሳይከፈት መጀመሪያ የሚታየው ርዕስ። መርካቶን የሚያውቅ ያውቃል፦ ጮክ ብሎ የሚጠራ ነጋዴ ፌስታል ነው የሚሸጠው። ደህና ዕቃ ያለው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጠጋ በል እስቲ፤ እዚህ የማይወራ ነገር አለ» ሲባል ሚኒስትርም ቢሆን ጆሮውን ይሰጣል። እኔም በዚያች ሰኞ በጆሮ የሚነገረውን ወደ ወረቀት አወረድኩት፦

«አስቸኳይ። በስልክ የማይነገር ጉዳይ አለ። ይህ እንደደረስዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ በአካል ይምጡ። አደራ። ኸይሩ ከመርካቶ።»

የግብፅ ጥጥ አንሶላ መግባቱ ከነዋጋው በፎቶ ተያይዟል። ፎቶው ለመጫን ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

«ጉዳዩ አንሶላ መሆኑን እዚህ ላይ ጻፈው» አለች ሰናይት።

«ከጻፍኩት ማን ይመጣል?»

«አድራሻዎቹንስ ለምን ሁሉንም ከላይ ትደረድራለህ? እያንዳንዱ የሌላውን ያያል እኮ።»

«ይይ። ስንት ሰው እንደማውቅ ይወቅ።»

እዚህ ላይ ስለ እትዬ በላይነሽ ልንገራችሁ። የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው፤ ጅማ ላይ ሆቴል አላቸው። በዚያው ሰሞን ባላቸው ጋሽ ታደሰ የሐሞት ጠጠር ሊያስወጡ አዲስ አበባ መጥተው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ቀዶ ጥገናው በሰላም ሲያልቅ እትዬ በላይነሽ ሆቴላቸውን ጥለው መቆየት ስላልቻሉ ተመለሱ። ሲሄዱ ሱቄ ገብተው «ኸይሩዬ፣ አደራህን። በየቀኑ ብቅ እያልክ እየው» አሉኝ።

«ወላሂ በየቀኑ፣ እትዬ» አልኩ።

ሦስት ቀን በየቀኑ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የጋሽ ታደሰ ስልክ ቻርጅ አልይዝ ብሎ ነበርና አሠርቼ ላምጣ ብዬ ወሰድኩት። ተሠራ። መሳቢያዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ይኼ የኢሜይል ነገር ልቤን ወሰደውና ዛሬ ነገ ስል ሰነበትኩ። እሁድ እትዬ ደውለው «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ትናንት አይቻቸው ነበር፤ ደህና ናቸው» አልኩ። ቅዳሜ ሰናይት ጋ ነበርኩ።

ደብዳቤዋ ሰኞ ሄደች። ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ። የደብረ ብርሃን ደንበኛዬ ናቸው፣ ትልቅ ሰው።

«ኸይሩ፣ ሰላም ነው?» ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ! ደብዳቤዬ ደረሰችዎ?»

«ደርሳኛለች። … ችግር የለም አይደል?»

«ይምጡና በዓይንዎ ያዩታል። በስልክ አይነገርም አልኩዎ እኮ!»

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፤ «አምላክ ያበርታህ።»

ስልኩን ዘግቼ ለጎረቤቴ ነገርኩት። «አየህ? ይኼ ኢሜይል ምርቃትም ይዞ ይመጣል።» እስከ ማታ ሌሎች ሦስት ሰዎች ደወሉ፤ ሁሉም ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሁሉም ጨዋ። ስምንት ሳምንት ያልሠራው ነገር በአንድ ቀን ሠራ። ለራሴ ሻይ ጋበዝኩ።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ኸይሩ ነህ? ግርማ ነኝ፣ የበላይነሽ ወንድም። ወልቂጤ ደርሰናል።»

እትዬ በላይነሽም ለአንሶላው መጡ! «እሰይ! ስንት ናችሁ?» አልኩት።

«ሰባት ነን» አለ፤ እሰይ ማለቴ እንደደነቀው ያስታውቃል። ከዚያ ድምፁን አጠፋው። «ስማ፣ እሷ ምንም አታውቅም። ሐኪሙ ፊርማ ፈልጎሻል ብለናታል። ጥቁሩን በሻንጣ ይዘነዋል። ስታገኛት ፊትህን ጠብቅ። ለመሆኑ አስከሬኑ ያለው ሆስፒታል ነው ወይስ —»

መስመሩ ተቋረጠ።

ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ታደሰ ሞተዋል። ሆስፒታሉ ጅማ ደውሎ ነግሯቸዋል፤ እኔ እዚሁ አጠገባቸው ሆኜ አላወቅሁም። አምስት ቀን አላየኋቸውም። ሚስታቸውን አይቻለሁ ብያለሁ። መሳቢያውን ሳብኩ፤ ስልካቸው ተሠርቶ፣ አብረቅርቆ ተቀምጧል። ሲታመሙ የሚጣሩበት ስልክ እኔ ጋ ነው። ለግርማ መልሼ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለችኝ ሴትየዋ። ሱቁን ቆለፍኩና ላዳ ያዝኩ። ባለታክሲው ዋጋ ሲጠራ እንኳ አልተከራከርኩም፤ እሱም ደንግጦ ዞር ብሎ አየኝ።

ሆስፒታል ደርሼ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። አልጋ አሥራ አራት ባዶ ነው። አንሶላውም ተነስቷል። እኔ ስለ አንሶላ አውቃለሁ፤ ከአልጋ ላይ አንሶላ የሚነሳው ሰውየው ሲወጣ ነው፣ በእግሩም ይሁን በሌላ። አጠገቡ ዓይኑ በፋሻ የታሰረ ሰው ተኝቷል።

«ወንድሜ፣ እዚህ የነበሩት ሰውዬ?»

«ትናንት ከሰዓት መጥተው ወሰዷቸው።»

«ወዴት?»

«ዓይኔን አታይም እንዴ? እኔ ምኑን አይቼ?»

ኮሪደሩ ላይ ነርሷን አገኘኋት። «የአሥራ አራት ቁጥሩ … ቤተሰብ ነኝ» አልኩ።

«ውይ፣ በመጨረሻ ሰው መጣላቸው!» አለች። «ወደ ማገገሚያው ክፍል ተዛውረዋል። አሁን ግን እዚያ አታገኛቸውም፤ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነው።»

ግቢው ውስጥ ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከጥበቃው ጋር በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ እየተጫወቱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«አሃ! የሞተው ሰውዬ ተነሳ» አሉኝ። «አምስት ቀን ሙሉ ብትጠፋ ቀብረንህ ነበር እኮ። ስልኬንስ አወረስክ?»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። እየሳቅሁ ነው እያለቀስኩ ነው፣ ጥበቃው ሊለየው አልቻለም። ትንፋሼ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግርማ፣ ሰባቱ ሰዎች፣ ሻንጣው ውስጥ ያለው ጥቁር ልብስ። ጋሽ ታደሰ አልደነገጡም። እንዲያውም እንደ እኔው ነገሩ ከነከናቸው።

«ማን ሞተ አላቸው?»

«ሆስፒታሉ መሰለኝ።»

«ሆስፒታሉ ክፍል መቀየሬን እንኳ ለምግብ አዳዩ አልነገረውም፤ ቁርሴ አሁንም አሥራ አራት ቁጥር ነው የሚሄደው። አንተ ለበላይነሽ ያልካት ነገር አለ?»

«ምንም። የአንሶላ ማስታወቂያ ብቻ ነው የላክሁላቸው።»

«ምን ይላል?»

ቃል በቃል አነበነብኩላቸው። «አስቸኳይ። በስልክ የማይነገር ጉዳይ አለ። ይህ እንደደረስዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ …» እዚህ ስደርስ አንደበቴ እየከበደኝ መጣ። «… በአካል … ይምጡ። አደራ።»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። ጥበቃው ቆርኪውን አስቀመጠ።

«ኸይሩ» አሉኝ፤ «የአባቴን መርዶ እንኳ እንዲህ አሳምረው አልጻፉልኝም።»

እኛ አገር ሰው ሞተ ተብሎ አይጻፍም። «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» ነው የሚባለው፤ «በስልክ አይሆንም፣ በአካል ድረስ» ነው። ይኼን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ፣ የእናቴም መርዶ እንዲሁ ነው የደረሰኝ። ግን ያን ደብዳቤ ሳጽፍ ሻጭ ብቻ ነበርኩ፤ የሚቀበለው ሰው ምን ላይ እንዳለ አላሰብኩም። ማክሰኞ ምርቃት ያልኩት ነገር አሁን ገባኝ። የደብረ ብርሃኑ ሰው እያጽናኑኝ ነበር!

ለግርማ ደጋግመን ደወልንለት። መንገዱ ላይ ኔትወርክ የለም። ነርሷ ጋሽ ታደሰን አላስወጣም አለች።

«እህቴ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ «ሚስቴ የእኔን አስከሬን ልትወስድ እየመጣች ነው። እዚህ ሆኜ ብጠብቃት ፈላልጋ እስክታገኘኝ አንዱን ትቀብራለች።»

ሁለት ሰዓት ፈቀደች። ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው ላዳ ውስጥ ገቡ። «ቀስ ብለህ ንዳው» አሉት ሹፌሩን፤ «ሐሞት የለኝም።»

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። የጅማው አውቶቡስ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገባ። ተሸካሚው፣ ደላላው፣ የሆቴል ጠሪው ሁሉ ወደ በሩ ተንጋጋ። መጀመሪያ የወረደው ግርማ ነው፤ ጋሽ ታደሰን ሲያይ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ፣ አንዱ አየር ላይ ቀረ። ከኋላው ያለው ሰው ይገፋዋል፣ እሱ አይንቀሳቀስም። «ውረድ እንጂ አንተ!» ይላል ረዳቱ።

ከዚያ እትዬ በላይነሽ ወረዱ። ነጭ ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ለብሰዋል። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ፊቴ ላይ አንድ ነገር ፈለጉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጎኔ ዞረ።

«ታደሰ» አሉ።

«አቤት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ቀርበው የባላቸውን ግንባር ነኩ፣ ጆሯቸውን ነኩ፣ ጋቢውን ገልጠው እጃቸውን ያዙ። ከዚያ መሬት ላይ ያለች ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«ፊርማ ነው ስትሉኝ ያመንኩ መስሏችኋል?» አሉ ለዘመዶቻቸው። «ስድስት ሰው ለፊርማ ይሸኛል? ግቤን ስንሻገር ቀበርኩት። ወልቂጤ ላይ አርባውን አወጣሁለት። ዝም ያልኩት እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።»

ግርማ ኪሱ ገብቶ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ደብዳቤዬ ነች። የሆቴሉ ሂሳብ ሠራተኛ ማክሰኞ ጠዋት ከፍታ፣ አትማ፣ ለእትዬ ሳታሳይ ለወንድማቸው ሰጠችው፤ መርዶ ለባለቤቱ በቀጥታ አይሰጥምና። ፎቶው ጅማ ላይ አልተከፈተም። ከላይ የተደረደረው ሁለት መቶ አርባ አድራሻ ግን ጥርት ብሎ ታትሟል።

«እኔማ ይኼን አይቼ ነው የቆረጥኩት» አለ ግርማ፤ «የአገሩ ባለሆቴል ሁሉ ተጠርቷል። ለቀብር ካልሆነ ለምን ይጠራል?»

«ለምንድን ነው የጠራኸው?» አሉኝ እትዬ በላይነሽ።

«አንሶላ … ገብቶ ነበር» አልኩ።

«አንሶላ?»

«የግብፅ ጥጥ ነው» አልኩ። ምላሴ ነው፤ ሃያ ዓመት የለመደው።

አንድ ተሸካሚ ከኋላ ሳቀ። ጋሽ ታደሰም ሊስቁ ብለው ቁስላቸውን ያዙ። እትዬ በላይነሽ ግን አልሳቁም።

«ደብዳቤውን ይቅር እልሃለሁ» አሉኝ፤ «ስህተት ነው። ስልኩ ለአምስት ቀን ለምን ጠፋብኝ?»

«እኔ ጋ ነበር።»

«እሁድ ስደውልልህ፣ ‹ትናንት አይቼው ነበር› ያልከኝስ?»

ጋሽ ታደሰ ዳማ እንደሚያስብ ሰው መሬት መሬቱን አዩ። ሊዋሹልኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ እንዲዋሹልኝ ግን አልፈለግሁም።

«አላየኋቸውም ነበር፣ እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ።

ምሳ ጋበዝኳቸው፤ በሉ፣ ግርማ እንዲያውም ሁለቴ አስጨመረ። የመመለሻ ትኬታቸውን ቆረጥኩ። ጋሽ ታደሰን ሆስፒታል አድርሰን ስንመለስ እትዬ በላይነሽ ሱቄ ገቡ። አንሶላውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጥሩ አንሶላ ነው፣ ያውቁታል። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው ካርዳቸውን ፈለጉና በጣታቸው አሳዩኝ።

«መስታወቱን አንሳልኝ።»

አነሳሁላቸው። ካርዳቸውን መዘው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ።

እኔ መስታወቱን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ነገር ነው የታየኝ። አንደኛ፣ ያ ሁሉ ሰው ካርዱን የሰጠኝ የሚፈልገው ዕቃ ሲገባ እንድነግረው እንጂ በየሰኞው እንድጠራው አልነበረም፤ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ሁለተኛ፣ «በቃኝ» ማለት የፈለገ ሰው ከጅማ ድረስ መጥቶ መስታወት ማስነሳት ነበረበት። ሌላ በር አላበጀሁለትም። ሰዎቹ ዝም ሲሉኝ ያላዩኝ መስሎኝ ነበር፤ ዝምታቸው መልስ ነበር።

እናንተ ሱቅ ያላችሁ፣ ይኼን የምታነቡ፤ አሁን ደብዳቤው በስልክ ኪስ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ነውና እኔ ያኔ ከሠራሁት የባሰ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስማችሁ ሰው ስልክ ላይ ብቅ ሲል ሰውየው ምን ያስባል? እኔ ያን ጊዜ ይኼን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፦ ከስምንት ቅናሽ በኋላ ማንም ምንም አያስብም። እትዬ በላይነሽ ቤት ግን አሁንም ይነበብ ነበር፤ አንሶላ ስለምሸጥ አይደለም፣ የባላቸው አደራ እኔ ጋ ስለነበረ ነው። እምነት የቀረኝ እዚያ ብቻ ነበር፤ ያችኑ አወጣኋት።

በማግስቱ ሰናይት ጋ ወጣሁ። ምንም አላለችኝም፤ ወሬው ቀድሞኛል። መጀመሪያ ለደብረ ብርሃኑ ሰው ደውዬ «ማንም አልሞተም፣ አንሶላ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «ለማን እንደምጸልይ ግራ ገብቶኝ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ለሁሉም ደወልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። «አዲስ ዕቃ ሲገባ ልጻፍልዎ ወይስ ይቅር?» ጥያቄው ይኼው ነው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ «ይኼንንም አትደውል» አለ። እሺ ላሉት ብቻ፣ ዕቃ ሲኖር ብቻ፣ ለየብቻ እንጽፍ ጀመር። ግንባሩ ላይ «አንሶላ» ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም። ከታች ደግሞ «ካልፈለጉ አንድ ቃል ይበሉኝ፣ ስምዎን እሰርዛለሁ» አለ። ሰናይት የራሷን ስም እንድታስገባ ጠየቅኋት። «አሁንም አንሶላ አለኝ» አለች።

ሁለት መቶ አርባ ካርድ ነበረኝ። ሁለት መቶ አራቱ አይሆንም አሉ ወይም አልተገኙም። ሠላሳ ስድስት ቀረ። እትዬ በላይነሽ የሉበትም።